ታፔላ የተተከለበት ማሳ

በእኛ አገር ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ ሰብል ነው። ይተከላል፣ አራት ዓመት ይጠበቃል፣ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ ከዚያ ከሰሉ የተከሰለበት መሬት ላይ ጤፍ ይዘራል። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ቢሮ የተቀመጡትም ያውቃሉ፤ ብዙዎቹ በዚያው በከሰል የተማሩ ናቸው። ስለዚህ አናውቅም ነበር እንዳይሉኝ።

ማስተዋል የባሌ የደርበው የአክስት ልጅ ነው። የአየር ንብረት ፕሮግራም ባለሙያ ተብሎ ሲቀጠር ከእኛ በላይ የተደሰተ አልነበረም። ዛፋችን ከሰው ቁመት ያለፈ ጊዜ፣ ሰኔ ላይ፣ ትልቅ የብረት ታፔላ በመኪና አስጭኖ መጣ።

«እታለም፣» አለኝ በአዊኛ፣ ለስለስ ብሎ፤ «የዓመቱ በጀት ሊዘጋ ነው። ሥራ ላይ ካልዋለ ወደ ላይ ይመለሳል፣ እኛም እንገመገማለን። ይቺን ከማሳችሁ ዳር እንትከላት። ለፎቶ ብቻ ነው።»

የሥጋ ዘመድ ደጅህ ድረስ መጥቶ ሲለምንህ እምቢ አይባልም። እንዲያውም ኮራን። ደርበው ጉድጓዱን ቆፈረ፣ እኔ ጠላ ቀዳሁላቸው። ታፔላው «የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም በፕሮግራሙ የለማ ደን» ይላል። አንዲት ችግኝ ሳይሰጡን ደን አለሙ! ቲሸርትና ኮፍያ አልብሰው ፎቶ አነሱን፤ ከዚያ ሆቴል ስብሰባ አለብን ብለው ወደ እንጅባራ ተፈተለኩ።

ዛፉ ሲደርስ እንደ ማንኛውም ሰው ቆረጥነው። በጋውን አከሰልን፣ ሸጥን። ማሳው ጤፉን ብቻ ይጠብቅ ነበር። የዓመት ቀለባችን ከዚያች መሬት ነው የሚወጣው፤ ሌላ ያለን ድንች የምንተክልባት ጓሮ ብቻ ናት።

ግንቦት ላይ ፖሊስ መጥቶ ደርበውን ወሰደው። የመንግሥት ደን ጨፍጭፈሃል ተባለ። እኔ መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ስቄያለሁ።

በማግሥቱ ማስተዋል መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ከአዲስ አበባ እንግዶች ሊመጡ ነው፣ ደኑን ሊያዩ።»

«የትኛውን ደን?»

«አትጩኺብኝ እታለም። ሪፖርቱ ላይ አለ። ዓመት ዓመት እንክብካቤ ተብሎ በጀት ሲወጣበት ኖሯል።»

«ማን ተንከባከበው? በላቸዋ፤ ጥፋቱ የኔ ነው በል!»

«እኔ ብታሰር ለደርበው ምን ይጠቅመዋል? መሬቱ ጠቁሯል አይደል? ድርቅ መጣ፣ ሰደድ እሳት በላው በይ። ያን ጊዜ ማንም አይጠየቅም። ደርበው የዚያን ዕለት ይፈታል።»

«አልልም ብልስ?»

ጠላዬን የጠጣ ዘመዴ፣ ዓይኔ እያየ ተነሥቶ ወደ በሩ አመራ። በያዝኩት ማማሰያ አናቱን ብለው ደስ ባለኝ።

እንግዶቹ መጡ። ከመኪናው ብዛት የተነሣ በጉን አሳልፈን የምንወስድበት መንገድ ጠፋ። ድንኳን ተተከለ፣ የታሸገ ውኃ በየወንበሩ ተቀመጠ። «ሞዴል አርሶ አደር» ተብዬ ተነሣሁ። ድርቁ ጨረሰን አልኩ። ይህን ስናገር ዝናቡ ድንኳኑን እየደበደበው፣ የእንግዶቹ ጫማ በጭቃ ተለውሶ ነበር። ከመካከላቸው አንድ እንኳ ቀና ብሎ ያየ የለም። እሳቱ ልፋታችንን በላው አልኩ። አንዲት ወይዘሮ እንባዋን ጠረገች። እኔ ግን ከንዴት ብዛት የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ ነበር፤ ለቅሶ መስሏት ይሆናል።

ዋናው ሰውዬ ተነሥቶ ቦታው መልሶ እንዲያገግም ተጨማሪ በጀት እንደሚፈቀድ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮም «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ» እንደሚሆን ተናገረ። ተጨበጨበ። ማስተዋልን ፈልጌ አየሁት። እሱም ያጨበጭባል።

ደርበው ማታውኑ ተፈታ፤ ቃላቸውን ጠበቁ። ሳምንት ሳይሞላ ማሳችን በሽቦ ታጠረ። ለጥበቃው ሰው ያስፈልግ ነበርና፣ ማስተዋል እንደ ውለታ ቆጥሮ ደርበውን አስቀጠረው። ካፖርትና ቦት ጫማ ሰጡት። የራሱን መሬት ከራሱ እንዲጠብቅ!

«ደመወዝ ነው፣» አለኝ ደርበው። «እህል እንሸምትበታለን።»

«እኛ ሸማች ነን? መቼ ሸምተን እናውቃለን?»

«እስር ቤቱን አላየሽውም ወርቄ፣» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ሐምሌ ገባ። የጎረቤቶቻችን ማሳ ሁሉ ታርሶ ለስልሷል፤ የእኛ ጥቁር መሬት ዳዋ ያበቅላል። አንድ ጠዋት አንጀቴ አልችል አለኝ። በሬዎቹን ጠምጄ፣ የዘሩን ጤፍ ወገቤ ላይ ቋጥሬ፣ ሽቦውን ረግጬ ገባሁ። በአገራችን ሴት እርፍ አትጨብጥም። የሚያየኝ ይየኝ አልኩ።

አንድ ትልም ሳልጨርስ ደርበው ካፖርቱን እያንዘረፈፈ ሮጦ መጣ።

«ውጪ ወርቄ! ካዩሽ እኔን ነው የሚያስሩኝ።»

«መሬቴ ነው! አንተም ባሌ ነህ! ና ጨብጥ!»

እርፉን ሊጨብጥ እጁን የዘረጋ መስሎኝ ነበር። የያዘው ግን ቀንበሩን ነበር። አንገቱን ደፍቶ በሬዎቹን ወደ ቤት መለሳቸው። እኔ እርፉን የሙጥኝ ብዬ ጮህኩባቸው፣ ሰደብኳቸው። በሬዎቹ የለመዱት የእሱን ድምፅ ነው፤ «ና!» ሲላቸው ተከትለውት ሄዱ።