የኤልስባ ተራ

በዚያች የፋሮ ደሴቶች መንደር፣ በጸሎት ቤቱ ውስጥ ማንም ሰው ለገዛ ቤቱ ድምፁን አውጥቶ አይጸልይም። ለአንተ የሚጸልይልህ ከአጥርህ ማዶ ያለው ጎረቤትህ ነው፤ አንተም ለእሱ። ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ የለም፣ የሚሽረውም የለም።

ሱኒቫ ይህን እያወቀች ነው የብርዱን ወራት ሙሉ ከጎረቤቷ ከኤልስባ ጋር ተኮራርፋ የከረመችው። የሱኒቫ አውራ በግ አጥር ጥሶ የኤልስባን ጎመን እስከ ሥሩ ጋጠው። ኤልስባ በጉ ባለቤቱን መምሰሉን ተናገረች፤ ሱኒቫም የባሰ መለሰች። ከዚያ ወዲህ አንዷ የሌላዋን ስም በጸሎት ሳታነሣ ቀረች።

ዛሬ ግን ባሕሩ ተቆጥቷል። የሱኒቫ ልጅ ትሮንዱር ብቻውን በትንሿ ጀልባው ወጥቶ አልተመለሰም፤ የነፍስ አድን ጀልባዋም ፍለጋ ላይ ናት። በጸሎት ቤቱ ሌሎች ሴቶች በኤልስባ ፈንታ እንጸልይለት ቢሏት ሱኒቫ እምቢ አለች። ልጁ ገና ከሚድህበት ጊዜ ጀምሮ ስሙን በእግዚአብሔር ፊት ስታነሣ የኖረችው ኤልስባ ናት። ሱኒቫ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ፣ ነፋሱን በትከሻዋ እየገፋች ሄዳ የኤልስባን በር አንኳኳች።

«ለዕርቅ አልመጣሁም» አለች በሩ ሲከፈት። «ለትሮንዱር ጸልዪለት ልልሽ ነው።»

ኤልስባ የታመመ ወገቧን ይዛ፣ በጉን አምጥታላት እንደሆነ ጠየቀቻት። ሱኒቫ በጉንም አጥሩንም ውሰጂ አለቻት።

«በግሽን ምን ላድርገው? ጎመን የለኝ።» የኤልስባ ድምፅ ዝቅ አለ። «ለልጁ ከጠዋት ጀምሮ በልቤ እየለመንሁ ነው። ድምፄ ነው እምቢ ያለኝ። ወገቤ አልጋ ላይ ሲያውለኝ አንቺ ስሜን አንሥተሽ ታውቂያለሽ?»

ሱኒቫ በሌላ ቀን ቢሆን ትዋሽ ነበር። ልጇ ባሕር ላይ እያለ ግን አልደፈረችም።

«አላነሣሁም» አለች። «እንግዲያው መጀመሪያ የእኔን ተራ ልወጣ።»

እዚያው ኩሽና ወለል ላይ ተንበረከከች። ስለ ኤልስባ ወገብ ለመነች፣ ስለ ጓሮዋ፣ ብቻዋን ስለምታሳልፈው ምሽት። መጀመሪያ ቃሉ አንድ በአንድ ወጣ፤ እየቆየ ግን ፈሰሰላት፣ እንባዋም አብሮ።

ኤልስባ ወንበሩን ተደግፋ እያቃሰተች አጠገቧ ተንበረከከች። «ጌታ ሆይ፣ እናቱን ታውቃታለህ፤ እሷን አትመልከት። ትሮንዱር ግን ደግ ልጅ ነው። አምጣው። እስክታመጣው ከዚህ አልነሣም፤ ልነሣ ብልም ወገቤ አይፈቅድልኝም።»

እንዳለችውም አልተነሣችም። ሱኒቫ ጉልበቷ ደንዝዞ አሜን እያለች ተከተለቻት። ሻዩ በማንቆርቆሪያው ውስጥ በረደ፤ ኤልስባ ግን ስሙን ደጋግማ ከማንሣት አላረፈችም።

ከዚያ ከወደቡ ረዥም መለከት ተሰማ። በመንደሩ እንዲያ የሚነፋው የጠፋ ሰው በሕይወት ሲገኝ ብቻ ነው።

ሱኒቫ ዘልላ ተነሥታ ወደ በሩ ሮጠች።

«ወዴት ነው?» አለች ኤልስባ ከወለሉ። «መጀመሪያ እኔን አንሺኝ እንጂ።»

ሱኒቫ ተመልሳ ብብቷን ይዛ አነሣቻት። ቁልቁለቱንም ተደጋግፈው፣ ቀስ እያሉ፣ ወደ ወደቡ ወረዱ።