ከፍራሽ የተቆረጠው ድንጋይ

ሚካኤልን እውነት ነው! ገና ሳልጀምር የምምለው ስለምታውቁኝ ነው። ላሊበላ ወርዳችሁ “የኔሰው የሚባል በቅሎ አከራይ” ብላችሁ ብትጠይቁ “ከሚያወራው እኩሌታውን ጣሉት” ይሏችኋል። አይፈረድባቸውም። ወደ አሸተን ማርያም ለማወጣው እንግዳ ሁሉ “ይቺ በቅሎ የቅዱስ ላሊበላ በቅሎ ዘር ናት” እያልኩ ስንት ዓመት ኖሬአለሁ። በቅሎ አትወልድም ብሎ ያፋጠጠኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጉርሻዬን አልከለከለኝም። ዳዊት ሳልጨርስ ከቄስ ትምህርት ቤት በአጥር ዘልዬ የወጣሁ፣ የመንግሥቱንም ስድስተኛ ክፍል ላይ የተውኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ። ታሪኩን ግን አልሳትኩም።

ነገሩ የሆነው በሁዳዴ ነው። መንደራችን ከአሸተን ማርያም ግርጌ፣ ገደሉ ጥግ ላይ ነው። መብራት ከጠፋ ወር አልፎት፣ የአገሩ ስልክ ሁሉ ሞቶ፣ የቀረን ሰዓት የሚካኤል ደወል ብቻ ነበር። ደወሉም ብረት እንዳይመስላችሁ፤ ከወይራው ላይ በጠፍር የተንጠለጠሉ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ናቸው። በጠጠር ሲመቷቸው ግን ድምፃቸው ማዶ ያለው ሸንተረር ድረስ ይሄዳል። በጾም፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሦስት ጊዜ በረጅሙ ከተመታ ቅዳሴ ወጣ ማለት ነው፤ የጾመ ሰው ይበላል።

ያን ቀን አገሩ በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር። እንግዳ የለም። እኔ ደግሞ ሥራ ስፈታ እንደ ሰው አልቀመጥም፤ አንድ ነገር ካልነካካሁ ያመኛል። ወደ ሚካኤል ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ እንደገና ወጣሁ። ስድስት ሰዓት ቢሆን ነው። ካህናቱ ውስጥ ጸሎት ላይ ናቸው። መምቻው ጠጠር ወይራው ሥር ተቀምጧል። ጎረቤቴ እማማ አለሜ በጭጋጉ ውስጥ ነጠላቸውን እየጎተቱ ወደ ሽሯቸው ሲሮጡ ታዩኝ። አልቻልኩም፤ ሦስት ጊዜ በረጅሙ መታሁት።

የሰፈሩ ሁሉ የነፍስ አባት መምሬ ገብረ ሊባኖስ ወጥተው ጭጋጉን “ማነህ አንተ?” ሲሉት እኔ ቅጥሩን ዘልዬ ቁልቁለቱን ይዣለሁ። መንደሩም በላ። እማማ አለሜ በሉ፣ ሚስቴ ገለቴ በላች፣ እኔም እንዳይታወቅብኝ አብሬ በላሁ።

ጭጋጉ ሲገለጥ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ተገኘች። ሴቶቹ ተራገሙ፣ ወንዶቹ ሳቁ፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ ሳቅሁ። አያ ደግሰው ግን አልሳቁም።

አያ ደግሰው ከማሳዬ ማዶ የሚያርሱ ጎረቤቴ ናቸው። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ከታናሽ ወንድማቸው ከቢተው ጋር በድንበር ተጣልተው፣ የሚካኤልን መዝጊያ ይዘው በሐሰት ማሉበት። ቢተው ከመሬቱ ተነቅሎ ወደ ቆቦ ወረደ፤ ሳይታረቁም እዚያው ሞተ። አያ ደግሰው መሬቱን ለልጆቹ መለሱ። ለሞተ ሰው ግን ምን ይደረግለታል? ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው አስቀደሱ እንጂ አንድ ቀን እግራቸው ወደ ውስጥ አልገባም። ዘንድሮ መምሬ ገብረ ሊባኖስ ለምነው ለምነው አሳመኗቸውና ቀኖና ሰጧቸው፦ አርባ ቀን ቅዳሴ ሳይወጣ እህል ውሃ እንዳይቀምሱ፣ በየቀኑ መቶ እንዲሰግዱ፤ ከዚያ በሆሳዕና ሥጋ ወደሙን እንዲቀበሉ።

እኔ ደወሉን የመታሁት በሠላሳ አንደኛው ቀን ነው።

እርሻ ላይ ነበሩ አሉ። ደወሉን ሲሰሙ በሬዎቹን አቁመው ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው ቃሙ፣ ከቅሉ ውሃ ተጎነጩ። ጭጋጉ ሲገለጥ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። አፋቸው ውስጥ የቀረውን ቆሎ መዳፋቸው ላይ ተፍተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ በሬዎቹን ፈትተው ቤታቸው ገቡ፤ መስገዱንም ጾሙንም ተዉት። መምሬ ቤታቸው ድረስ ሄደው “ሳታውቅ ነው፣ ምንም አይደለም፣ ቀጥል” ቢሏቸው፣ “እግዚአብሔርን ጠየቅሁት፣ መለሰልኝ። ከእንግዲህ አያድክሙኝ” አሏቸው።

ይህን የሰማሁ ዕለት እንቅልፍ ከቤቴ ወጣ። ብገላበጥ፣ ብነሳ፣ በቅሎዋን ሣር ባበላ፣ ደግሞ ብተኛ፣ አልሆነም።

“ምን ይቁነጠንጥሃል? ቁንጫ ነው?” አለች ገለቴ።

“ደወሉን የመታሁት እኔ ነኝ።”

“እሱንማ የማያውቅ በቅሎህ ብቻ ናት። ይልቅ ይህን ያህል ቀን አፍህን መዝጋትህ ነው የገረመኝ።”

ሲነጋ መምሬ ዘንድ ሄጄ እግራቸው ሥር ወደቅሁ።

“አባቴ፣ ይፍቱኝ።”

“አልፈታህም።”

“ኧረ ምን እንዳደረግሁ እንኳ አልሰሙኝም!”

ከበሩ ጀርባ አንድ እግር ኮንጎ ጫማ አውጥተው ወረወሩልኝ። ቅጥሩን ስዘል የጠፋብኝ ጫማ ነው። “አንተ በኔ በኩል ሾልከህ እግዚአብሔር ዘንድ ልትገባ ፈልገሃል” አሉ። “መንገዱ በደግሰው በር ነው። ድንጋይ ተሸክመህ ሂድ። እሱ በእጁ ካወረደልህ ያኔ ተመለስ። ደግሞ ቶሎ በል፤ ሆሳዕና ካለፈ በሕማማት ካህን አይፈታም፣ መስቀልም አያሳልም።”

በኛ አገር በዳይ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ተበዳዩ ደጅ ሄዶ ይወድቃል። ተበዳዩ በእጁ እስኪያወርድለት ድረስ ቀና አይልም። ድንጋዩም የበደሉን ያህል መክበድ አለበት። እኔም ፍለጋ ወጣሁ። አንዱን ባነሳ ወገቤን ያዘኝ። ሌላውን ባነሳ፣ ለአንድ ጭብጥ ቆሎ ይህ በዛ አልኩ። የአያ ደግሰው ቤት ደግሞ ዳገት ላይ ነው። ሰይጣን የሚባለው ሩቅ አይደለም፤ እቤቴ ገብቼ ከስፖንጅ ፍራሻችን ጥግ፣ በእግርጌ በኩል፣ የዳቦ ያህል ቆርጬ አወጣሁ። በቢላ ጠረብኩት። ቀይ አፈር በውሃ በጥብጬ ለቀለቅሁት። ሲደርቅ፣ ሚካኤልን፣ ከእውነተኛው ድንጋይ ይልቅ ድንጋይ መሰለ! እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት ራሴ ወደ ገደሉ እጥለዋለሁ ብዬ አቀድኩ።

ግማሽ መንገድ ላይ የበልግ ዝናብ መጣ።

ስፖንጅ ውሃ እንደሚጠጣ የማያውቅ ሰው የለም። ይህኛው ግን ከላይ የወረደውንም፣ በጎን የነፈሰውንም፣ ከኔ ላብ ጋር አንድ ላይ ጠጣው። መጀመሪያ እንደ ጠቦት ከበደ፣ ቀጥሎ እንደ ጥጃ፣ ከአያ ደግሰው ቤት በታች ያለው ዝግባ ጋ ስደርስ አንድ ወይፈን ማጅራቴ ላይ ተኝቷል። በቅሎዬ ጭነት ሲበዛባት የምታሰማውን ድምፅ እኔ አሰማሁ። ጥዬው እንዳልሄድ መንደሩ ከየደጁ ያየኛል። ቀዩ አፈር ደግሞ እየሟሟ በአንገቴ፣ በደረቴ፣ በነጭ ጋቢዬ ላይ ወረደ።

“ደም! ኧረ ደም!” የሚል ጩኸት ከላይ ሰማሁ። አጎንብሻለሁና የማየው የራሴን እግር ብቻ ነው። ጭቃው ላይ የሚንሸራተት የሰው እግር ሰማሁ፤ ከዚያ ሁለት እጆች ድንጋዬን ከማጅራቴ ላይ ገፍተው ወደ ገደሉ ላኩት። አያ ደግሰው ናቸው። ባዶ እግራቸውን፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ።

“ማርኩህ! ማርኩህ! ሰው ለቆሎ ብሎ ይሞታል እንዴ?”

ደግፈው ቤታቸው አስገቡኝ። እሳት ዳር አስቀምጠው አንገቴን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። ጋቢውን አዩት። ከዚያ እሳቱ ላይ እንጨት ጨመሩ።

“እንግዲህ ነገ ወደ ሚካኤል ይመጣሉ አይደል?” አልኳቸው።

“አንተን ማርኩህ፣ አለቀ። የኔን ተወው፤ የኔ ሌላ ነው።”

ስለዚህ ምሕረት አግኝቼ ሳለሁ ይበልጥ ታመምኩ። መምሬ ዘንድ ሄጄ “አወረዱልኝ” ማለት ነበረብኝ፤ እግሬ ግን እምቢ አለ። ሦስት ጊዜ እደጃቸው ደርሼ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። ገለቴ የተቆረጠውን ፍራሽ አግኝታ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም፤ ጾም ነው። የማወራው ተረት ሁሉ አፌ ውስጥ እንደ አመድ ሆነ። ለሆሳዕና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ጠዋት፣ ምንም ሳልሸከም ወደ አያ ደግሰው ቤት ወጣሁ።

“አያ ደግሰው፣ ድንጋዩ… ድንጋይ አልነበረም።”

“የሚስትህ ፍራሽ ነው።”

“ማን ነገረዎት?!”

“እጄ ገባበት እኮ፣ አንተ ቀጣፊ! እጅ የሚያስገባ ድንጋይ የት አይተሃል? ደሙም አፈር አፈር ይሸታል።”

“ታዲያ ያኔውኑ በዱላ ለምን አላሉኝም?”

“ዝግባው ጋ ስትደርስ አየሁህ” አሉ። “እንደ ሰካራም ስትንገዳገድ። የማርኩህ ያኔ ነው። ድንጋዩን የነካሁት ከዚያ በኋላ ነው። የሰጠሁትን ምን ብዬ ልቀማህ?”

መቼም አፌ ፈቃድ ጠይቆኝ አያውቅም። “እግዚአብሔር ከአንቱ ያንሳል ማለት ነው?” አልኩ።

“ምን አልክ?”

“አንቱ ለስፖንጅ በባዶ እግርዎ ዳገት ወርደው ሮጡ። እሱ ሠላሳ ቀን ሙሉ የእውነት ድንጋይ ተሸክመው ሲወጡ እያየዎት፣ በአንድ ጭብጥ ቆሎ በሩን ይዘጋል? ያውም እኔ ባጎረስኩዎት ቆሎ?”

“ቢተውስ?” አሉ። ድምፃቸው ተለወጠ። “አንተ የምትወድቅበት ደጅ አለህ። የኔ ቢተው የት አለ? እሱ ሳይምረኝ ሞተ።”

እዚህ ላይ ዳዊት አለመጨረሴ ቆጨኝ፤ መልስ ያለበት ገጽ እኔ ያልደረስኩበት ይሆናል። “እሱን አላውቅም” አልኩ። “እኔ የማውቀው፣ ዝግባው ጋ ስደርስ እንደማሩኝ አላየሁም። አጎንብሼ ነበራ! እግሬን ብቻ ነው የማየው። ‘እስካሁን አልማረኝም፣ እስካሁን አልማረኝም’ እያልኩ ነው የወጣሁት። ለካ ምረውኝ ነበር።”

አያ ደግሰው ይህን ሲሰሙ ሳቁ። እስኪያስላቸው ድረስ፣ ምሰሶውን ይዘው፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ዱላቸውን አንስተው “ተነስ፣ ውረድ ከፊቴ!” አሉኝና ከኋላዬ ተከትለው እስከ ሚካኤል ድረስ ወረዱ።

መምሬ ገብረ ሊባኖስ ሁለታችንንም ሰምተው ሲጨርሱ፣ “ደግሰው፣ የቀረህን ሁለት ቀን ጹም። የጎደለውን እኔና ይሄ ቀጣፊ በሕማማት እንሞላልሃለን” አሉ። እንደ ዋዛ ሰምቼ “እሺ” አልኩ። ስንት ሺህ ስግደት እንደሆነ የገባኝ ረቡዕ ዕለት ጉልበቴ ሲያብጥ ነው። የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ማታ ግን መስቀላቸውን ማጅራቴ ላይ አኖሩና “እግዚአብሔር ይፍታህ” አሉኝ፤ ያቺን ሌሊት እንደ ሕፃን ተኛሁ፣ ያውም እግሬ በፍራሹ ቀዳዳ በኩል መደቡ ላይ ወርዶ።

ሆሳዕና ዕለት አያ ደግሰው ቅጥሩ በር ላይ ደርሰው ቆሙ። እማማ አለሜ ከኋላቸው ሆነው “እለፍ እንጂ፣ መንገድ አትዝጋብን!” ብለው ገፏቸው። ገቡ። በቅዳሴው መጨረሻ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲወጡ አየሁ፤ ተቀብለዋል።

እንግዲህ ሁሉም እውነት ነው ብዬ ምዬአለሁ፤ ስለ ሐሰት መሐላም ይህን ሁሉ ጽፌ በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። አንድ ነገር ፈጥሬአለሁ። ዝናቡን አይደለም፣ ወይፈኑንም አይደለም። አያ ደግሰው ሳቁ ያልኩት ውሸት ነው። አልሳቁም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው “ቢተው፣ ቢተዋ” እያሉ አለቀሱ፤ እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ፣ ሳያስፈልገው እሳቱን ስቆሰቁስ ቆየሁ።