የፀጉር ቤቱ ሁለት ሴቶች

ደንበኞች «መብረቅ» ይሏታል፤ እጇ ፈጣን ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ በአክስቷ ፀጉር ቤት ሠርታለች፤ ሁለት መስታወት፣ ሦስት ወንበርና የማይከፈት መስኮት ባለው ጠባብ ክፍል። የፀጉር ማለስለሻውን በባዶ እጇ ነው የምትቀባው። «በጓንት ፀጉሩ አይታወቅሽም» ትላታለች አክስቷ።

ሠላሳ ሲሞላት የወር አበባዋ አልቆም አለ። ሁለት ጊዜ ፀንሳ ሁለቱንም ጊዜ በሦስተኛው ወር አስወረዳት። ባሏ ክፉ ቃል አልወጣውም።

ሐኪሟ በአልትራሳውንድ ማህፀኗ ውስጥ አምስት እጢ አየችና ሥራዋን ጠየቀቻት።

«ፀጉር ነው የምሠራው። ማለስለሻ በቀን ለስምንት ዘጠኝ ሰው እቀባለሁ።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይሄ ነው ያመጣብሽ ብዬ መማል አልችልም። ግን አንዳንዶቹ ውስጥ ሆርሞን የሚያዛባ ኬሚካል አለ። አዘውትረው በሚጠቀሙ ሴቶች ላይ እጢ በዛ ብሎ የታየባቸው ጥናቶች አሉ። ብትርቂው ይሻልሻል።»

ለአክስቷ ስትነግራት ሳቀችባት። «ወይ ሐኪም! እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ስቀባ ምን ሆንኩ?» አለችና ድንገት ፊቷን አዞረች። ፎጣ አጠፈች፤ የታጠፈውን ፈትታ ደግማ አጠፈች።

«ምነው እትዬ?»

«ያኔ ለሐሞት ጠጠር ተቀደድኩ ያልኳችሁ... ማህፀኔን ነው ያወጡት። በእጢ።»

መብረቅ የደንበኛ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። «እያወቅሽ ነው እዚህ ሥራ ያስገባሽኝ?»

«ምኑን አውቄ ልጄ? ዕድሌ ነው ብዬ ዋጥኩት እንጂ።»

እዚህ ላይ እንዳሉ አንዲት እናት የስምንት ዓመት ሴት ልጇን እየጎተተች ገባች። «ለፎቶ ነው፤ ፀጉሯን ቀጥ አድርጉልኝ።»

«ልጎንጉንላት። ማለስለሻ ግን ለሕፃን አልቀባም» አለች መብረቅ።

«አንቺ ነሽ የምታዢኝ?» ሴትየዋ ልጇን ይዛ ማዶ ወዳለው ፀጉር ቤት ተሻገረች። አክስት ቆማ አየቻቸው፤ መብረቅን ግን አልተቆጣቻትም።

መብረቅ በሳምንቱ ሥራውን ተወች። በወሩ ኦፕራሲዮን ሆነች። እጢዎቹ ወጡ፣ ማህፀኗ ተረፈ፤ ልጅ እንደምትወልድ ግን ማንም ቃል አልገባላትም። ባሏ ኮሪደር ላይ ይንቆራጠጣል። አክስቷ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች። «ይቅር በይኝ» ልትል አፏን ከፈተች።

«ውሃ ላምጣልሽ?» አለቻት በምትኩ።