ገመዱን አልለቀቅኩም

ባሌ ቶርግኒ በአርባ ዓመት የአደን ዘመኑ አንድም እንስሳ አቁስሎ እንዳልለቀቀ ይናገር ነበር። የመንደራችን አዳኞች መሪ ሆኖ በቆየባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት ይህንን ያልሰማ ሰው የለም። ዋሾ ሰው አይደለም፤ ከልቡ ያምነው ነበር። ያ ነው ነገሩን ያከበደው።

ውሻችንን ቲራን ያመጣናት ተመትቶ ያመለጠ አጋዘን እንድትፈልግ ነው። እግሯ ከማጠሩ የተነሳ ስትሄድ ሆዷ እርጥቡን ቅጠል ይጠርጋል፤ ፊቷ ላይ ደግሞ የሽማግሌ ጢም አላት። የማያውቅ ሰው የአጋዘን ውሻ ሲባል ፈጣንና ጯሂ ይመስለዋል። አጋዘኑን ከጫካ ለሚያስነሳ ውሻ እሱም ደግ ነው፤ ጎረቤታችን ሲክስተን እንደዚያ ያለ አለው። የቆሰለ ለሚፈልግ ውሻ ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል። አፍንጫው ከመሬት የማይነሳ፣ ሲጠፋበት የማያስመስል፣ መንገዱን አዲስ ሽታ ቢያቋርጠው የጀመረውን የማይተው መሆን አለበት። ቶርግኒ አዲስ አዳኞችን ሲያስተምር፣ «ውሻዋን እመን፤ አፍንጫው የእሷ ነው፣ አንተ ያለህ ገመድ ብቻ ነው» ይላቸው ነበር። ጥሩ አባባል ነው። ሁሉም በቃላቸው ይዘውታል።

የመለማመጃውን ዱካ የምሠራው ግን እኔ ነበርኩ። ከከብት አራጁ ደም በጠርሙስ እየተቀበልኩ ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ከጫካ ፍሬዬ ጎን አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ ጫካ ወርጄ ደሙን ጠብ እያደረግኩ፣ የአጋዘን ሰኮና በሲባጎ እየጎተትኩ፣ ድንጋዩን ዞሬ፣ ረግረጉን አቋርጬ፣ አንዳንዴም ሆን ብዬ ወደ ኋላ ተመልሼ ሰባት መቶ፣ ስምንት መቶ ሜትር እሄዳለሁ። ዱካው አድሮ በማግስቱ ቶርግኒ ቲራን ይዞ ይመጣና እኔ ከኋላ እከተላለሁ። መንገዱን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ቲራ በትክክለኛው ቦታ ልትታጠፍ ስትል ገመዱን ጎትቶ «አይደለም» ሲላት ስንት ጊዜ አየሁ። ዞሮ ዞሮ ግራ ሲገባው ቀና ብሎ ያየኛል፤ እኔም በአገጬ አመለክተዋለሁ። ራት ላይ «ዛሬ ጥሩ ሠራን» ይላል። ሠራን ሲል እሱንና ውሻዋን ማለቱ ነው። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ፤ እኔም ድንቹን አቀርብ ነበር።

በዚያ ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሄኒንግ አንዲት አጋዘን ሆዷን መታት። ሄኒንግ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ መንደራችን ከገባ አራት ዓመቱ ነበር። ቲራ አጋዘኗን ከሁለት ሰዓት በኋላ አገኘቻት። ሄኒንግ ራሱ ሮጦ መጥቶ የተናገረ ሰው ነው፤ ፊቱ ወረቀት መስሎ ነበር። ቶርግኒ ግን ሁሉንም ሰብስቦ በፊታቸው፣ እጅህ እስኪረጋ ድረስ ጠመንጃህን ቆልፍበት፣ ዘንድሮ ከእኛ ጋር አትወጣም አለው። ሄኒንግ ጠመንጃውን አነገተ። ኮፍያውን አድርጎ ሄደ።

ሁለት ሳምንት አልሞላም፤ ኅዳር ውስጥ በአንድ ቅዳሜ የሲክስተን ውሻ አንድ አጋዘን አስነስቶ እየጮኸ ቶርግኒ ጠመንጃ ይዞ ወደሚጠብቅበት መቆሚያ ነዳው። እኔ እሳቱ ዘንድ ነበርኩ፤ ምሳው የእኔ ሥራ ነው፤ ቲራ መኪናው ውስጥ ተኝታለች። አንድ ተኩስ ሰማን። ቆየት ብሎ ቶርግኒ ብቻውን መጣና እንደሳተው ነገረን።

«ከላዩ አለፈ» አለ። «ደምም የለም፣ ፀጉርም የለም። ቦታውን አይቼዋለሁ።»

ጥይት ከተተኮሰ ተሳተም አልተሳተም ውሻዋ ቦታውን ታያለች፤ የቡድኑ ሕግ ነው፣ ሕጉን ያወጣውም ቶርግኒ ራሱ ነው። ሲክስተን ለዘብ አድርጎ ይህንኑ አስታወሰው። ቶርግኒ ግን ውሻዋን በከንቱ ማድከም አያስፈልግም፣ ከምሳ በኋላ ሌላ ዙር አለን አለና ቋሊማውን እሳት ላይ አደረገ። አየሁት። ሦስት ጊዜ አገላበጠው፤ መሀሉ ገና ጥሬ ነበር፤ እንዲያው በላው። ያልበሰለ ሥጋ አፉ አስገብቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ቲራን ላሸናት ነው ብዬ ተነሳሁ። ለማሸናት አልነበረም።

መቆሚያው የድሮው የድንጋይ አጥር ጥግ ነው። ቀለሃው ወድቆ አገኘሁት፤ ከዚያ ተነስቼ እሱ ይተኩስበታል ወዳልኩት አቅጣጫ አርባ እርምጃ ያህል ሄድኩ። ቲራ ግራና ቀኝ አለችና በድንገት ቆመች። ጭራዋ ደረቀ። አፍንጫዋን መሬቱን በሸፈነው እርጥብ የድንጋይ ሽበት ውስጥ ቀብራ አላነሳም አለች። ተንበርክኬ በጣቴ ስፈልግ የጥፍር ታህል ነጭ ስባሪ አገኘሁ። አጥንት ነው፤ አንዱ ጫፉ ገና እርጥብ ነበር። መሀረቤ ውስጥ ጠቀለልኩት።

የቆሰለ እንስሳን ወዲያው አይከተሉትም፤ እንዲተኛ ጊዜ ይሰጡታል። ስለዚህ ተመልሼ እስኪበሉ ጠበቅሁ። ሲጨርሱ መሀረቡን ቶርግኒ ፊት ዘረጋሁት።

ቀበሮ የጣለው ነው፣ ጫካ ውስጥ አጥንት ሞልቷል አለኝ። ቲራ እንዲያ አላለችም አልኩት። ቲራ የእሱ ውሻ እንደሆነች፣ የምትለውንም የሚያውቀው እሱ እንደሆነ ነገረኝና ተነስቶ ገመዱን ያዘ። እኔ ሌላውን ጫፍ አንጓዬ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠምኩት።

«ልቀቂ፣ ጉንቮር» አለኝ፣ ሰዎቹ እንዳይሰሙ ቀስ ብሎ።

«አልለቅም» አልኩት፣ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ደሙን ያንጠባጠብኩት እኔ ነኝ። ዱካው የት እንዳለፈ አውቅ ነበር። አንተና እሷ በተጣላችሁ ቁጥር ትክክሏ እሷ ነበረች። አንድም ቀን አንተ አልነበርክም።»

ሁሉም ወደ እኛ ዞሩ። ባሌን በሰው ፊት እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ግን መልሼ ልውጠው አልፈለግኩም።

ቶርግኒ ገመዱን ለቀቀ። «ባዶ እጅሽን ስትመለሺ ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ» አለ።

«ባዶ እጄን ከመጣሁ እጠይቃለሁ። ይዤ ከመጣሁስ?»

ሲክስተን የቡና ኩባያውን አራገፈና ጠመንጃውን አንግቶ ከኋላዬ መጣ፤ መተኮስ ቢያስፈልግ ብሎ ነው። ማንም አላዘዘውም።

ቲራ አጥንቱን ያገኘንበት ቦታ ስትደርስ አንገቷን ደፍታ ጉዞ ጀመረች። አትሮጥም፤ መርፌ የጠፋባት ልብስ ሰፊ ይመስል እያንዳንዷን ቅጠል ታያለች። መጀመሪያ አንድም ደም አላየንም። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ከሄድን በኋላ ሲክስተን አንድ የደረቀ ግንድ ላይ ነጠብጣብ አሳየኝ።

ችግኝ የተተከለበት ሜዳ ላይ ስንወጣ አራት አጋዘኖች ከፊታችን ተነስተው የቂጣቸውን ነጭ እያሳዩ ሮጡ። የሸሹበት ሽታ ቲራ አፍንጫ ላይ ነው ያለፈው። ሰውነቷ በሙሉ ተንቀጠቀጠ፤ አንድ እግሯን አነሳች፣ ወደ እነሱም አየች። እኔ እስትንፋሴን ያዝኩ። ከዚያ እንደ ተቆጣ ሰው አንዴ አነጠሰችና ወደ ቀድሞው ዱካዋ ተመለሰች። ይህንን ማንም ሊያስተምራት አይችልም። ውሻ ውስጥ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም።

ጅረቱ ጋ ጠፋባት። እኔ ብሆን ሽቅብ እሄድ ነበር፤ ሽቅቡ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ መደበቂያ አለው። እጄ ገመዱን ወደዚያ ሊጎትት ተዘረጋና ቶርግኒ ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረጋት አስታወስኩ። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ቲራ ተመለሰች፣ መጨረሻ ያገኘችውን ደም አሸተተች፣ ዞረች፣ ደግሞ ዞረች። ጊዜው ረዘመብኝ። ሲክስተን ሰማዩን ያያል። በመጨረሻ ውሃው ውስጥ ገብታ ቁልቁል ሄደችና ማዶ ወጣች፤ እዚያ ጭቃው ላይ የሦስት እግር ዱካ ነበር።

ነፋስ የጣለው ጥድ ሥር ተኝቶ አገኘነው። በዚህ ወቅት እንደሚያደርጉት ቀንዱን የጣለ ወንድ ነው። የፊት ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሏል። ሊነሳ ሞከረ፣ አልቻለም፤ ቀና ብሎ አየን። ቲራን ወደ ኋላ ሳብኳት፤ ሲክስተን ተኮሰ። ትክክል በመሆኔ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። ይህ እንስሳ እኛ ምሳ ስንበላ እዚህ ተኝቶ ነበር፤ ዝም ብል ኖሮ ስንት ቀን ይተኛ እንደነበር አሰብኩ። ያን ጊዜ ነው በእውነት የተናደድኩት።

ተራ በተራ እየጎተትን አመጣነው። ሁሉም እሳቱ ዙሪያ ቆመው ይጠብቁን ነበር፤ ሌላውን ዙር አልወጡም። ቶርግኒ እግሩን አየና መኪና ገጭቶት ሊሆን ይችላል አለ። ማንም አላገዘውም። መሀረቡን አውጥቼ ስባሪውን ከተሰበረው አጥንት ጎን አስቀመጥኩት።

«መኪናው ድንጋይ አጥራችን ላይ ነው የቆመው?» አለ ሲክስተን።

አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን በሳል ሸፈነው። ቶርግኒ ጠመንጃውን ይዞ ወደ መኪናችን ሄደ። እሑድም፣ ሰኞም፣ ማክሰኞም አልተነጋገርንም። ረቡዕ ቁርስ ላይ ለሄኒንግ ደውዪና ወደ ቡድኑ ተመለስ በዪው አለኝ፤ እኔ ደግሞ ያባረርከው አንተ ነህ፣ አፍ አለህ፣ እግርም አለህ አልኩት። ዝናብ እየጣለ ነበር። ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ተመለሰ።

«የሐይቁ ማዶ አዳኞች ተቀብለውታል» አለ። «ወደ እኛ አይመለስም።» እርጥብ ኮቱን ሳያወልቅ መስኮቱ አጠገብ ብዙ ቆመ። አዘንኩለት፤ ግን አላባበልኩትም።

በየካቲት የቡድኑ ዓመታዊ ስብሰባ ተደረገ። አባልነት የሚጠየቀው በደብዳቤ ነውና ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ቤት ውስጥ በእጁ ሳልሰጠው በፖስታ ላክሁት። ሊቀመንበሩ ቶርግኒ ስለሆነ ጮክ ብሎ ማንበቡ የእሱ ሥራ ነው። አባል ለመሆንና የቆሰለ ሲኖር ቲራን ይዤ ለመውጣት እንደምጠይቅ አነበበ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ፤ ተነስቼ ቆምኩ፤ እንድቆም የጠየቀኝ የለም።

«ተቃዋሚ አለ?» አለ ቶርግኒ።

ማንም እጁን አላወጣም። ቶርግኒ ወረቀቱን አስቀምጦ አየኝ፤ እኔም አየሁት። እጁ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ለተቃውሞ ይነሳ ይሆን ብዬ እሱን ብቻ አየሁ። ቢያነሳም ቁጭ እንደማልል ወስኜ ነበር።

ብዕሩን አነሳና ስሜን መዝገቡ ላይ ጻፈ። ከዚያም ወደሚቀጥለው ጉዳይ፣ አጋዘኖቹ እንዲልሱት በየጫካው ወደምናስቀምጠው የጨው ድንጋይ አለፈ፤ እኔም ቁጭ ብዬ የታችኛው መስክ ላይ ያለው ካለቀ ወር እንዳለፈው ተናገርኩ።