አልላቀቅ ያለው ካምቢዮ

ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን፣ ከታች በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከፍቶ ቆመ። ከላይ ግን ከሞተሩ ጋር እንደተጣበቀ ነው። ታናሽየው ከመኪናው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ከባዱን ብረት በሁለት እጁ ይዞ ወዘወዘው፤ አሮጌው መኪና እንዳለ አብሮ ተወዛወዘ እንጂ ክፍተቱ የፀጉር ያህል እንኳ አልጨመረም።

«ጋሼ፣ ከላይ ይዞታል» አለ፣ ግንባሩን በክንዱ እየጠረገ። «የቀረ ብሎን ይኖር ይሆን?»

ታላቅየው ከጎኑ ቆሞ የፈታቸውን ብሎኖች በናፍጣ ያጥብ ነበር። ቀና አላለም።

«ጨርሻለሁ አላልኩህም?»

«አይ፣ እንዲያው ነው...»

«እንዲያው የሚባል ሥራ የለም። ዝገት ነው። ስንት ዘመን ያልተነካ ብረት እንደ ቡሽ ውልቅ እንዲልልህ ነው የምትፈልገው?»

ታናሽየው ወደ ብረቱ ተመለሰ። በዚህ ጋራዥ ታላቅየው «ጨርሻለሁ» ካለ ደግሞ የሚመረምር የለም። አባታቸው ጋራዡን ትተውላቸው በሞቱ ሰሞን፣ ታናሽየው ወንድሙ ያጠበቀውን ጎማ አንድ ጊዜ ደግሞ በመፍቻ ሞክሮት ነበር፤ ታላቅየው መፍቻውን ከእጁ ነጥቆ ወረወረና ለብዙ ቀን ሳያናግረው ከረመ። ከዚያ ወዲህ የታላቅ ቃል እንደ ማኅተም ሆኖ ቀረ። እውነቱን ለመናገርም፣ ቃሉ ተሳስቶ አያውቅም ነበር። ከካምቢዮው ጀርባ፣ ዓይን በማይደርስበት ጠባብ ቦታ የተሸሸጉትን ብሎኖች በዳሰሳ ብቻ አግኝቶ የሚፈታው እሱ ነው። ደንበኞቹም «ዓይናማ ጣት» ይሉታል።

ያ ጣት ከሞተ እንደከረመ ከሐኪሙ ሌላ የሚያውቁት ግን እሱና ሚስቱ ብቻ ናቸው። በመጀመሪያ ጫፍ ጫፉ ደነዘዘ። ሐኪሙ ስኳር ነው አለው። ቀስ በቀስም መደንዘዙ እስከ መዳፉ ወረደ። በቅርቡ እቤት ውስጥ የጋለ ድስት በባዶ እጁ አንስቶ ወደ ጠረጴዛው ሲሄድ፣ የጮኸችው ሚስቱ ናት።

«እጅህ ተቃጠለ እኮ! አይሰማህም?»

«ይሰማኛል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ? ኧረ በፈጠረህ፣ ለወንድምህ ንገረው! አይበላህም!»

«ምን ብዬ? ከእንግዲህ በር ላይ ተቀምጬ የሚገባ የሚወጣ መኪና ልቁጠር ልበለው? ተይኝ እስቲ።»

መድኃኒት ቀባችለት፤ ፊቷን ግን አዙራ ነው የቀባችው። ለወንድሙ የጭስ ማውጫ ቱቦ አቃጠለኝ ብሎ ነገረው፤ ወንድሙም አመነው።

ዛሬ ጠዋትም ክንዱን በካምቢዮው ትከሻ ላይ አሳልፎ፣ በልማድ የሚያውቀውን መንገድ ተከትሎ ያገኘውን ሁሉ ፈትቷል። አንድ ቦታ ላይ ግን ጣቱ ያረፈው በብሎን ራስ ላይ ይሁን በደረቀ ጭቃ ላይ መለየት አልቻለም። ጥቂት አሰበና ጭቃ ነው ሲል ወሰነ። እጁንም መልሶ አወጣ።

«በል፣ የብረት ዘንጉን ክፍተቱ ውስጥ አስገባና ምታው» አለ አሁን።

«ጋሼ፣ የካምቢዮው ቤት አሉሚኒየም ነው እኮ፤ ይሰነጠቃል።»

«ምታው አልኩህ።»

ታናሽየው ዘንጉን አስገብቶ መታ። ደግሞ መታ። በሦስተኛው ላይ ደረቅ ድምፅ ተሰማ። ብረት ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ አልነበረም፤ ሁለቱም ያንን ያውቃሉ። በካምቢዮው ቤት ላይ ከአናቱ የጀመረ ስንጥቅ እንደ ሸረሪት እግር ወደ ታች ወርዶ ነበር።

«ቀስ አትልም?» ሲል ጮኸ ታላቅየው። «ይሄ ጥድፊያህ አንድ ቀን ጉድ ይሠራናል እያልኩህ!»

ቃሉን ራሱ የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ሊመልሰው የሚችልበት ቅጽበት ነበረ፤ አልመለሰውም። ታናሽየው መዶሻውን መሬት ላይ አስቀምጦ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ይዳብስ ጀመር፣ ቢዳብሰው የሚድን ይመስል።

ባለመኪናው ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው። እኩለ ቀን ላይ መጥተው ከጉድጓዱ አፍ አጎንብሰው አዩ።

«ማነው የመታው?»

«እኔ ነኝ» አለ ታናሽየው፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

«ጎሽ! እጅህ ይባረክ! ይሄን መኪና ስገዛው አንተ አልተወለድክም። ይሄ ዕቃ ዛሬ የት ይገኛል? ገበያ ብንወጣ ቀልጦ ጭልፋና ማንኪያ ሆኖ ነው የምናገኘው! መዶሻ ይህን ያህል ከወደድክ ድንጋይ አትፈልጥም?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጌታዬ።»

«አንተን አምኜ ነው ያመጣሁት» አሉ ወደ ታላቅየው ዞረው። «ካሁን በኋላ ይሄ ሰው መኪናዬ አጠገብ እንዳይደርስ።»

ታላቅየው የጉድጓዱን ወለል እያየ፣ «እሺ፣ ጌታዬ» አለ።

ጡረተኛው ወስዶ የሚያደርሳቸው ሰው ለመጥራት ስልካቸውን ይዘው ጥግ ላይ ወዳለችው የጋራዡ ትንሽ ቢሮ ገቡ። ታናሽየው ከጉድጓዱ ወጣ፤ እጁን ታጥቦ ሲያበቃ እንደገና ታጠበ።

«ጋሼ፣ እኔ በቃኝ።»

«ምኑ ነው የበቃህ?»

«ሥራው። የሚስቴ ወንድም ያለበት መጋዘን ሰው ይፈልጋሉ። ነገ ሄጄ አያቸዋለሁ።»

«ዘበኛ ልትሆን?»

«ምን አለበት? ዘበኛ ቢሰብር የሚሰብረው የራሱን እንቅልፍ ነው።»

በሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም ይስቁ ነበር።

«ይኸውልህ፣ ጥድፊያ ስትለኝ የምትቀልድ ይመስለኝ ነበር» አለ ታናሽየው። «እውነትህን ነው ለካ። ይሄ እጅ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም።»

ታላቅየው የእጅ ባትሪና ትንሽ መስታወት ይዞ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። መስታወቱን በካምቢዮው ትከሻ ላይ አሳልፎ ብርሃኑን ሲያበራበት፣ ፈልጎ ሳይደክም አገኘው። በደረቀ ጭቃና ግሪስ የተሸፈነ የብሎን ራስ ነው። ስንጥቁም የሚነሣው ከሥሩ ነበር። ብሎኑ አጥብቆ ይዟል፤ መዶሻው ገፍቷል፤ በመካከላቸው ያለው አሉሚኒየም ተቀዷል። ዝገት አልነበረም። የወንድሙ ጥድፊያም አልነበረም።

መፍቻውን አነሣና በመስታወቱ እያየ ብሎኑ ላይ አጠለቀው። ልክ ገባ። ትንሽ ቢያዞረው ይላላል፤ ቢፈታውና ከሌሎቹ ጋር ናፍጣው ውስጥ ቢጥለው ማንም አይለየውም። ካምቢዮውም ወዲያው ይላቀቃል። የነገ ሕይወቱ እንደ ትናንቱ ይቀጥላል፤ እንደ ወትሮው «ዓይናማ ጣት» ይባላል፤ ወንድሙ መጋዘን በር ላይ ይቆማል።

ከላይ ታናሽየው ቱታውን አውልቆ ሲያራግፍ ተሰማው። ዕቃውን እየሰበሰበ ከረጢት ውስጥ ይከት ነበር።

ታላቅየው መፍቻውን ሳያዞር አወጣው።

«ና፣ ውረድ» ሲል ተጣራ።

«ተወኝ እስቲ፣ ጋሼ።»

«ና ስልህ ና።»

ታናሽየው በንጹሕ ሸሚዙ ወረደ።

«እጅህን በዚህ በኩል ስደድ። ከፍ አድርገው። አዎ፣ እዚያ ጋ። ምን አገኘህ?»

የታናሽየው ክንድ ድንገት ቀጥ አለ። የወንድሙን ፊት አየ፤ ከዚያም ቀና ብሎ ወደ ቢሮዋ አቅጣጫ ሰረቅ አድርጎ ተመለከተ።

«ጭቃ ነው» አለ።

«ጭቃ አይደለም።»

«ጭቃ ነው አልኩህ፣ ጋሼ!» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቀስ ብለህ ተናገር፤ ሰውየው አልሄዱም። መፍቻውን ወዲህ በል፣ እኔ ልፍታው፤ በዚሁ ያልቃል። እኔ እንደሆንኩ አንዴ ተሰድቤያለሁ፤ ሁለተኛ አልሰደብም።»

«እኔም ጠዋት ጭቃ መስሎኝ ነው የተውኩት። ጣቴ አይሰማም፣ ወንድሜ። ከደነዘዘ ቆይቷል። ነግሬህ ቢሆን መዶሻውን ባላነሣህ።»

ታናሽየው እጁን ከብሎኑ ላይ አላነሣም። በሌላው እጁ መፍቻውን ሊቀበል ተንጠራራ፤ ታላቅየው ግን መፍቻውን ወደ ኋላው ሸሸገው።

«አትፍታው» አለው። «እንዳለ ይቆይ።»

ከዚያም ፊቱን ወደ ጉድጓዱ አፍ አቀና።

«ጌታዬ! አንድ ጊዜ ወዲህ ይምጡ። ሳይሄዱ የሚያዩት ነገር አለ።»

የወንበር መንሸራተት ተሰማ፤ ቀጥሎም የጫማ ኮቴ። ታላቅየው መስታወቱን ብሎኑ በሚታይበት በኩል አደላድሎ ያዘና፣ ብርሃኑን እንዳይጋርድ ጀርባውን ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር አጣበቀ።