የተቀነሰው ሰዓት

የስልኩን ሕግ እንደ መድኃኒት አወሳሰድ ጽፌ ማቀዝቀዣው በር ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፦ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት፣ ከምግብ በኋላ። ሥራዬ መድኃኒት ቤት ነው፤ ሌላ አጻጻፍ አልመጣልኝም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ አንብባ፣ ለስንት ቀን እንደምትወስደው ጠየቀችኝ። እስክትድኚ አልኳት።

ስለዚህ ትምህርት ቤቷ የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ደረቴን ነፍቼ ነበር የገባሁት። ወጣቱ የስፖርት መምህር ልጆቹን፣ ቤታቸው ውስጥ ማን በቀን ስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ ለአንድ ሳምንት እንዲመዘግቡ አዟቸው ኖሯል። ስም ሳይጠራ ጥቂቱን አነበበልን። አንዱ አባት ከመኪና ወንበር ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ አልጋ ብቻ ነው የሚዘዋወረው ሲባል፣ ከኋላ የተቀመጠ ባለታክሲ «እኔ ነኝ፣ አትድከሙ» ብሎ አሳቀን።

መምህሩ ማንበቡን ቀጠለ። «እናቴ ሰዓቱ ሲሞላ ስልኬን ትቀበለኛለች። እሷ ግን ከሥራ ከተመለሰች በኋላ አምስት ሰዓት ሙሉ ትቀመጣለች። ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፤ ድምፅ የለውም።»

ባለታክሲው «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለ። እኔም ሳቅሁ። አልፎ ተርፎ እጄን አወጣሁና፣ እንዲህ ያለችው እናት ተጠርታ ትመከር አልኩ። እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ የምውል ሰው ነኝ።

መምህሩ የቀረችውን መስመር አነበበ። «የምትቀመጠው የአባቴ ወንበር ላይ ስለሆነ ተነሺ አልላትም።»

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ እሱ ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ስንት ሰዓት ትቀመጫለሽ ብለው ቢጠይቁኝ ግማሽ ሰዓት እል ነበር፤ ከልቤ። ባለታክሲው እንዳደረገው «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። አላልኩም። ቦርሳዬ ውስጥ የሌለ ነገር ስፈልግ ስብሰባው አለቀ።

ልጄ በር ላይ ጠበቀችኝ። መምህሩ የእሷን አንብቦ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አንብቧል አልኳት።

«ምን አልሽ ታዲያ?»

አድበስብሼ ማለፍ እችል ነበር።

«እናትየዋ ተጠርታ ትመከር አልኩ። እኔ መሆኔን ሳላውቅ።»

አልሳቀችም። ያፈረችው እሷ ይመስል አንገቷን ደፋች። የወንበሩን ነገር ልታጠፋው አስባ እንደነበር፣ ደብተሩ ሳታጠፋው እንደተሰበሰበ ነገረችኝ። እንኳን አላጠፋሽው አልኳት።

«እማ» አለች መሬት መሬቱን እያየች፣ «አምስትም አይደለም። ስድስት ነው። ቀንሼልሽ ነው።»