ዶቲ አልበላም አለች

በስልሳ ስድስት ዓመቴ ለእባብ ምሳ የማሞቅ ሰው እሆናለሁ ብሎ ማን አሰበ? እኔ ሬክስ ሃሊዴይ በኢንገም ከተማ የሸንኮራ ሐዲድ ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ባቡር የነዳሁ ሰው ነኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን ከእባብ ጋር የነበረኝ ዝምድና የአካፋ ዝምድና ነበር፤ እሱ ይመጣል፣ አካፋው ይመጣል፣ አለቀ። አሁን ግን ከማቀዝቀዣዬ፣ ከአተሩና ከአይስክሬሙ መሀል፣ ፀጉር እንኳ ያላበቀለች የአይጥ ግልገል አወጣለሁ። በገዛ የሻይ ኩባያዬ ለብ ባለ ውሃ እዘፈዝፋታለሁ። ከዚያ በወረንጦ ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ፣ "እባክሽ ቅመሺ" እላለሁ። እባቧም ፊቷን አዙራ እንጨቷ ሥር ትገባለች። ጉድ በሉ!

ስሟ ዶቲ ነው። የዘንዶ ዘር ናት ቢሏችሁ አትደንግጡ፤ አሁን የጫማ ማሰሪያ ብታክል ነው፣ ብታድግም ከአንድ ሜትር ብዙም አታልፍም። ባለ ቡናማ ነጠብጣብ፣ መርዝ የሌላት፣ ኩራቷ ግን ከቁመቷ የሚበልጥ ፍጥረት ናት። ባለቤቷ ልጄ ብሮንዊን ናት።

ብሮንዊን ምዕራብ በረሃ ውስጥ ማዕድን ማውጫ ላይ ከባድ መኪና ትነዳለች፤ ሁለት ሳምንት እዚያ፣ አንድ ሳምንት እዚህ። እሷ በሌለችበት ዶቲን የምታይላት ጓደኛዋ ሥራ ቀይራ ወደ ኬርንስ ከተማ ስትሄድ፣ ልጄ የፕላስቲክ ሳጥኑን፣ ከሥሩ የሚነጠፈውን ማሞቂያና አንድ ከረጢት የአይጥ ግልገል ተሸክማ በራፌ ላይ ቆመች። "ሁለት ሳምንት ብቻ ነው አባዬ" አለችኝ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፤ ምክንያት አለኝ።

ብሮንዊን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ በምሳ ዕቃዋ ደብቃ አንድ ትንሽ እባብ ታሳድግ ነበር። ክዳኑን ስከፍት ብቅ አለ፤ አካፋዬም ሩቅ አልነበረም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለሁለት ተቆርጦ አገኘችው። "ታይፓን ነው፤ ቢነድፍሽ ማታ ሬሳ ነበርሽ" አልኳት። ታይፓን አልነበረም። የዛፍ እባብ ነበር፣ እንቁራሪት እንጂ ሰው የማይነካ። መጽሐፏን ገልጣ ሥዕሉን እያሳየችኝ ስታለቅስ እኔ "ታይፓን ነው ብያለሁ!" ብዬ ጮህኩ። አንዴ ካልኩት በኋላ ወደኋላ ማለት አቃተኝ፤ ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ታይፓን ነው እንዳልኩ አለሁ። ከዚያ ወዲህ ልጄ ነፍስ ያለው ነገር ጠብቅልኝ ብላኝ አታውቅም፣ ድመት እንኳ። ዶቲን ስታስረክበኝ ታዲያ፣ በቃ ይቅር ብላኛለች አልኩ።

ዶቲ በመጀመሪያው ቀን አልበላችም። በሁለተኛውም። በሦስተኛው ቀን ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ካርድ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። እባብ አርቢዎች አንድ ወግ አላቸው፤ ግልገል ሳያስገድዱት በራሱ አፍ አምስት ጊዜ ሳይበላ ከቤታቸው አይወጣም፣ የበላ ቁጥርም ካርዱ ላይ ምልክት ይደረጋል። የዶቲ ካርድ አምስት ምልክት አለው። አምስቱም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ የተጫሩ! የባቡር መዝገብ ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቁጭ ተብሎ የተፈበረከ መዝገብ አያመልጠኝም። ደሜ ፈላ። ካርዱ ላይ ወዳለው ቁጥር ደወልኩ።

አርቢው ዱዌይን የሚባል ጎረምሳ ነው።

"በልታለች ፋዘር" አለኝ።

"መቼ?"

"ካርዱ ላይ አለ እኮ።"

"ካርዱ ላይ ያለውማ ያንተ እጅ ነው። እኔ የምጠይቅህ ስለ እሷ አፍ ነው።"

"ማለቴ... እህቶቿ በልተዋል። አሥራ አንድ ናቸው፤ አንድ በአንድ ማን ይከታተላል? እሷም በልታ ይሆናል።"

"ይሆናል! አንተ ሰውዬ፣ እኔ ፍሬኑ ይሠራ ይሆናል እያልኩ ሰማንያ ፉርጎ ሸንኮራ ብጎትት ኖሮ ዛሬ ግማሹ ኢንገም በሕይወት ይኖር ነበር?"

"አትቆጣ ፋዘር። አንዳንዱ ግልገል አይጥ ምግብ መሆኑ አይገባውም፣ እንሽላሊት ነው የለመደው ዘሩ። አይጧን በሳሙና እጠባትና የግድግዳ እንሽላሊት እሻሽባት፣ ሽታው እንዲያታልላት። ካልሆነም ተዋት በቃ። ጫካም ውስጥ ብዙው ይሞታል።"

ተዋት በቃ! ያልሆነ ነገር ጽፎ ልጄን ካስታቀፈ በኋላ ተዋት ይለኛል። ፋዘር ይለኛል ደግሞ። የእሱ ፋዘር ብሆን ኖሮ ጆሮውን ይዤ ካርዱን አስበላው ነበር።

እንሽላሊት በኛ አገር ከዝንብ ይበዛል፤ ያዘው ስትባል ግን አንዱም የለም። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፍሪጁን ከግድግዳ እያራቅሁ፣ ወንበር ላይ እየወጣሁ፣ የወፍጮ ቤት ላብ እያላበኝ አሳደድኩ። ጎረቤቴ ኖሪን በመስኮት አይታኝ ሳታንኳኳ ገባች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሥራዋ እኔን መቆጣጠር ነው።

"ምን ጠፍቶብህ ነው ሬክስ?"

"እንሽላሊት።"

"ለእራት?"

"ለእባቧ ነው አንቺ! ሽታው ነው የሚፈለገው።"

"እንኳን እሷ፣ እኔም ያንተን ሽታ ለምጄ ነው እዚህ ቤት የምገባው" አለችና ወንበሩን ያዘችልኝ።

በመጨረሻ አንዱን ጣሪያው ጥግ ላይ ያዝኩት፤ ጅራቱን እጄ ላይ ጥሎ አመለጠ። ጅራቱ መዳፌ ላይ ብቻውን ሲፈራገጥ ኖሪን ጮኸች፣ እኔም ጮኽኩ። ይሁን፣ ሽታ ሽታ ነው። አይጧን አጥቤ በጅራቱ ደህና አድርጌ አሸሁ። ዶቲ ምላሷን አንዴ፣ ሁለቴ አወጣች። ከዚያ ተጠቅልላ ተኛች። ሰድበውኝ ያውቃሉ፣ የስኳር ፋብሪካው አለቆች በሰው ፊት ሰድበውኛል፤ እንደዚያ ቀን ግን ተንቄ አላውቅም።

በስምንተኛው ቀን ብሮንዊን በምሳ እረፍቷ ደወለች። ከበስተጀርባዋ መኪና ያጓራል።

"ዶቲ እንዴት ናት አባዬ?"

"ገና አልበላችም፤ ግን አንድ ዘዴ..."

"አትድከም። ስትሞት በላስቲክ ጠቅልለህ በረዶ ቤቱ ውስጥ አስቀምጥልኝ። ስመለስ እቀብራታለሁ።"

"ምን ማለትሽ ነው? አልሞተችም እኮ! አሁን እንኳ አንገቷን ቀና አድርጋ እያየችኝ ነው።"

"ትሞታለች። የእንስሳት ሐኪሟ ነግሮኛል፤ በዚህ ሁለት ሳምንት ካልበላች አለቀላት። እኔ ቁጭ ብዬ ማየት አልቻልኩም።" ድምጿ ተሰበረና መልሳ አጠነከረችው። "አንተ ደግሞ አይከብድህም። ለዚህ ነው አንተ ጋ ያመጣኋት።"

አይከብድህም! ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቃሉን ለግድግዳው ደጋገምኩለት። እኔ ይቅርታ መስሎኝ ነበር። ለካስ ልጄ ቀባሪ ፈልጋ ነው። አደራ አይደለም የሰጠችኝ፣ ሬሳ አስቀድማ ነው ያስረከበችኝ፤ አባቴ እባብ ሲሞት ዓይኑን አያሽም ብላ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ያቺ ልጅ ይህን ያወቀችው ከኔው መሆኑ ነው። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ሳጥኑ ፊት ቆምኩና "ስሚ አንቺ፣ እኔ ቤት አትሞቺም!" አልኳት። ዶቲ አልተንቀሳቀሰችም።

በማግስቱ ኖሪን ሻይዋን ይዛ ተቀምጣ ሳለች አዲስ አይጥ ላስገባ ሄድኩ።

"ቆይ" አለች። "ለምንድነው የምታንኳኳው?"

"ምኑን?"

"ክዳኑን ነዋ! ከመክፈትህ በፊት በጣትህ አንጓ ሁለቴ ኳ፣ ኳ አደረግህ። ወደ ሳጥኑ ስትሄድም እግርህን እንደ ወታደር ትረግጣለህ።"

እጄን አየሁት። እውነቷን ነው። ሸንኮራ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ያደርገዋል፤ ማሳ ውስጥ ከመግባትህ በፊት መሬቱን ትረግጣለህ፣ የተከማቸ ነገር ከማንሳትህ በፊት ትመታለህ፤ እባብ ካለ ሰምቶ እንዲሸሽ። ከልጅነቴ ጀምሮ እግሬ የሚያውቀው ይህንን ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ያቺን ሚጢጢ ፍጥረት "ሽሺ፣ መጣሁብሽ" እያልኩ ቆይቼ፣ ከዚያ ደግሞ ለምን አትበላም ብዬ እንሽላሊት ሳባርር ነበር!

"አንተ ራስህ" አለች ኖሪን፣ "ጣሪያህን እየደበደቡ፣ ክዳንህን እየገለጡ፣ በወረንጦ አፍህ ላይ ሥጋ ቢያወዛውዙብህ ትበላለህ?"

"ዝም በይ ኖሪን።"

"ዝም እላለሁ፣ አንተም ዝም በል። ቁም ነገሩ እሱ ነው።"

ያን ቀንና የሚቀጥለውን ቀን ዶቲን አላየኋትም። ሳጥኑን በወፍራም ፎጣ ሸፈንኩ። ሬዲዮኑን አጠፋሁ። ጫማዬን ደጅ ትቼ በካልሲ ሄድኩ፤ በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ! ክዳኑን ለማየት ብቻ ልከፍት እጄ ስንት ጊዜ እንደተነሳ እኔ ነኝ የማውቀው። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ኖሪን ኳስ ማንከባለያ ክለቧ ሄዳ ሳለች፣ ሌላ ጅራት አግኝቼ አይጧን አሸሁ። ሳላንኳኳ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ በእንጨቷ አፍ ላይ አኖርኳትና ክዳኑን መልሼ በፎጣው ሸፈንኩ። ከዚያ ወለሉ ላይ በደረቴ ተኛሁ።

ሳጥኑ ጎን ላይ ለአየር የተበሱ፣ ሚስማር የሚያሳልፉ ቀዳዳዎች አሉ። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ የፎጣውን ጫፍ በጣቴ ገለጥ አድርጌ በአንዷ አየሁ። ዶቲ አይጧን ጭንቅላቷ በኩል ይዛለች። መንጋጋዋ በግራ አንዴ፣ በቀኝ አንዴ እየተራመደ፣ ያ ሮዝ ገላ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይሄዳል። እንባዬ መጣ፤ ምን አፍራለሁ፣ መጣ። በካልሲዬ እየተንሸራተትኩ ኩሽና ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ብሮንዊን ጋ ደወልኩ።

"በላች!" አልኩ በሹክሹክታ።

"ማ?"

"ዶቲ ናታ! አሁን፣ በዚህች ደቂቃ! አይጧ ግማሿ ገብታለች!"

ቀዝቀዝ ያለ ድምፅ መጣ። "አባዬ፣ ሞታ ከሆነ ሞታለች በለኝ። እንደ ሕፃን አታባብለኝ።"

"እያባበልኩሽ አይደለም! በዓይኔ አይቼ ነው።"

"እሺ። ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።"

"አሁን?"

"አሁን። እየበላች ነው አልከኝ አይደል?"

በሚስማር ቀዳዳ ፎቶ አይነሳም። ፎጣውን መግፈፍ፣ ክዳኑን ማንሳት፣ ብርሃን ማስገባት ይጠይቃል። ግልገል እባብ ደግሞ ምግብ አፏ ውስጥ እያለ ከደነገጠች ትተፋዋለች፤ እንደ ዶቲ የከሳች አንዴ ከተፋች ሁለተኛ አትሞክርም።

"አሁን አይሆንም" አልኩ። "ከበላች በኋላም ሁለት ቀን መነካት የለባትም። ከዚያ እልክልሻለሁ።"

"አውቄዋለሁ" አለች። "ሁለት ቀን። ከዚያ ደግሞ በድንገት ሞተች ትለኛለህ። አባዬ፣ አንተ ስለ እባብ አንድ ቀን እውነት ነግረኸኝ ታውቃለህ?"

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። አሥራ አንድ ቀን የደከምኩት፣ ጣሪያ የቧጠጥኩት፣ በካልሲ የሄድኩት፣ ሁሉንም ልዘረግፍባት ነበር። ይህቺ ልጅ ግን የምታውቀኝ በጩኸቴ ነው። በዚያ ላይ ከአንድ ግድግዳ ወዲያ ዶቲ እየዋጠች ነው።

"አላውቅም" አልኩ ቀስ ብዬ። "ያኔም ታይፓን አልነበረም። ዋሽቼሻለሁ። ዛሬ ግን እየበላች ነው።"

ከበስተጀርባዋ መኪናው ያጓራል።

"ፎቶውንስ?" አለች።

"አልልክም።"

ስልኩ ተዘጋ።

እኔን ይህን ያህል ያስቆጣኝ ሰው የለም። እውነት የተናገርኩ ቀን አላመነችኝም! ስልኩ እጄ ላይ ነው፣ ካሜራውም ይሠራል፤ አንዲት ፎቶ ብልክ እየሮጠች መልሳ ትደውላለች፣ ይቅርታም ትጠይቀኛለች። አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቅሁት ነገር ከፎጣ ሥር ነው ያለው። ተመልሼ ሳጥኑ አጠገብ፣ ወለሉ ላይ፣ ጉልበቴ እየጮኸ ተቀመጥኩ። ስልኩን አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩት። ፎጣውን አላነሳሁም።